ፊቱ የሷ፣ እጁ የእኔ

አክስቴን የሆቴሉ ሠራተኛ በሙሉ «እትዬ ኮሌታ» ነው የሚላት። ሰው ሰላም ስትል ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው ኮሌታው ላይ ነው። ሰውየው «ደህና አደርሽ» ብሎ ሳይጨርስ እሷ ሸሚዙ መቼ እንደታጠበ፣ በምን ሳሙና እንደታጠበና ምን እንደቀረበት አውቃ ጨርሳለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሆቴሉን አንሶላ፣ የጠረጴዛ ጨርቅና የእንግዳ ልብስ ስታጥብ ኖራለች። ማሽን የለም ማለት አይደለም፤ አራት ትልልቅ ማሽኖች አሉ። ማሽኑ ያቃተውን የምትጨርሰው ግን እሷ ናት። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፤ እዚያው ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ ስለምሠራ የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

አንድ ቀን የዱቄት ሳሙና ማስታወቂያ የሚቀርጹ ሰዎች መጡ። ጓሮውን ይዘው መብራታቸውን፣ ካሜራቸውንና አንድ ሰማያዊ ሳፋ ደረደሩ። ተዋናይቷ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ድራማ የምታለቅሰው ያቺ ቆንጆ ነበረች። ችግሩ ጥፍሯ ነው። ከመርዘሙ የተነሳ ሸሚዝ ስትይዝ የሚፈራው ሸሚዙ ነበር።

ወጣቱ ዳይሬክተር «የልብስ አጣቢ እጅ ፈልጉልኝ» አለ። እጅ ብቻ። አክስቴን ከሥራዋ ጠርተው አመጡለት። እጇን አገላብጦ አየና፣ «ጥሩ ነው፤ ትንሽ ብቻ ሥራ የበዛበት ይመስላል» አለ።

«በዝቶበት ነዋ፣ ልጄ» አለችው።

ሜካፕ ሠሪዋ እስከ ክርኗ ድረስ ፓውደር ነፋችባት። አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «በሠርጌ ቀን ለፊቴ እንኳ ይህን ያህል አልደከሙልኝም» አለችኝ።

አሠራሩን አስረዷት። ተዋናይቷ ስጎ የፈሰሰበት ነጭ ሸሚዝ ይዛ ታዝናለች። ካሜራው ወደ እጅ ይወርዳል፤ እጅ ሸሚዙን ሳፋው ውስጥ ነክሮ ጥጥ አስመስሎ ያወጣዋል። ካሜራው ወደ ፊት ይመለሳል፤ ተዋናይቷ ትስቅና «ነክሮ ማውጣት ነው!» ትላለች። አለቀ።

«ፊቱ የሷ፣ እጁ የእኔ» አለች አክስቴ። «ሳሙናው ታዲያ መቼ ነው የሚሠራው?»

ዳይሬክተሩ «ጀምሩ» ብሎ አዘዘ። ሸሚዙን ስትነክረው ጣቷ ከአረፋው ሥር ሌላ ጨርቅ ነካ። ጎትታ አወጣችው። አዲስ ሸሚዝ ነበር፤ ከሱቅ ሲመጣ የታጠፈበት መስመር እንኳ አልለቀቀውም።

«ይኼ የማን ነው?»

«እሱን ነው የሚያወጡት፣ እናቴ» አለ ዳይሬክተሩ። «የቆሸሸውን እታች ይተውታል።»

«ይኼማ እድፍ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም።»

የሳሙና ፋብሪካው የማስታወቂያ ኃላፊ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ነጭ ሸሚዝ በከረቫት። ብድግ ብሎ ቀረበ። «እማማ፣ ቴሌቪዥን የሚሠራው እንዲህ ነው። ሰውም ያውቀዋል፤ ማንም አይታለልም።»

«ማንም የማይታለል ከሆነ ለምን ትደክማላችሁ?»

አክስቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ፊቴን ብትወስዱት ግድ አልነበረኝም። ፊቴ ለማንም ቃል ገብቶ አያውቅም። ሰው ልብሱን አምኖ የሚሰጠው ግን ለዚህ እጅ ነው» አለችና ወደ ማጠቢያ ክፍሏ ወረደች።

ኃላፊው «እጅ ይጠፋል እንዴ?» አለ። ጠፋ። የጽዳት ሠራተኞቹም፣ ዕቃ አጣቢዋም፣ «እትዬ ኮሌታ የተወችውንማ እኔ አልነካም» እያሉ አንድ በአንድ ሥራ በዛብን አሉ። ቀረጻው ቆመና ሁሉም ለምሳ ተበተነ።

ኃላፊው ፓስታ አዘዘ። በስልክ እየተቆጣ ሹካውን ሲያነሳ፣ ያ ሁሉ ስጎ ደረቱ ላይ ተዘረገፈ። ወደ እኔ ሲመጣ የምግብ ዝርዝሩን እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ ይዞ ነበር።

«እህቴ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ ጋዜጠኞች አዳራሽ ውስጥ ይጠብቁኛል። እዚህ ልብስ በደንብ የሚያጥብ ሰው አለ?»

«ጓሮ ውስጥ ካርቶን ሙሉ ሳሙና አለዎት እኮ» አልኩት። «ነክሮ ማውጣት ነው።»

ከስጎው እኩል ቀላ። «እባክሽ አትቀልጂብኝ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እንግዲህ ያለችን እሷው ናት።»

ይዤው ወረድኩ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያች ሰዓት ሆዱን ይዞ በሳቀ ነበር። አክስቴ ግን እድፍ ፊቷ ከቆመ ሌላ ነገር አይታያትም። «አውልቀው፤ ሳይደርቅ» አለችው። ሰውዬው በካናቴራ ቀረ። የካሜራ ባለሙያው ወሬውን ሰምቶ ካሜራውን ተሸክሞ ተከትሎናል፤ ተዋናይቷና ዳይሬክተሩም ከኋላው።

«እትዬ፣ ልቅረጽዎት?» አላት።

«የማደርገውን ከሆነ ቅረጽ። ያላደረግሁትን ግን እንዳታሳይ።»

ሸሚዙን ገለበጠችና ከጀርባው በኩል ቀዝቃዛ ውሃ በቀጭኑ ለቀቀችበት።

«በሙቅ አይሻልም?» አለ ኃላፊው።

«እድፍ እንደ እንግዳ ነው፣ ልጄ። ሳይቀመጥ ከሸኘኸው ይሄዳል። ሙቅ ከሰጠኸው ግን ቤቱ ይመስለዋል፤ ጫማውን ያወልቃል።»

ተዋናይቷ ሳቀች። ዳይሬክተሩ ጠዋት አሥራ አራት ጊዜ አስደግሟት ያላገኘውን ሳቅ ነበር የሳቀችው።

አክስቴ ቀጠለች። «ሳሙናችሁን አምጡልኝ፤ የራሳችሁን።» ዱቄቱን በጥቂት ውሃ ለወሰችና እድፉን ቀባችው፤ በአውራ ጣቷም ከዳር ወደ መሀል አሸችው። «ሳሙናችሁ ክፉ አይደለም። ቅባቱን ያነሳል። ጊዜ ስጡት እንጂ። ሳሙናም ሠራተኛ ነው፤ ገና ከበር ሳይገባ ጨረስክ ወይ አይባልም።» ሩብ ሰዓት አቆየችው። አጥባ ስታለቀልቀው ሐመር ያለ ብርቱካንማ ጥላ ቀርቶ ነበር።

«አለቀቀም» አለ ዳይሬክተሩ።

«የቀረው የፀሐይ ድርሻ ነው።» ጓሮ ወጥታ ገመድ ላይ ሰጣችው።

«ማስታወቂያው እኮ ሠላሳ ሰከንድ ነው፣ እናቴ።»

«ሸሚዙ ደግሞ ሁለት ሰዓት ነው።»

ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ኃላፊው በካናቴራና በከረቫት በየአምስት ደቂቃው እየተነሳ ሸሚዙን ይጎበኛል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አክስቴ አውርዳ ተኮሰችለት። ወደ ብርሃኑ ዘርግቶ እድፉን ፈለገው፤ አላገኘውም። ዝቅ ብሎ እጅ ነሣት። አዳራሽ ገብቶም የተጻፈለትን ንግግር አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ጋዜጠኞች፣ ምሳ ሰዓት ላይ ይህ ሸሚዝ ስጎ ነበር» ብሎ ጀመረ።

ዳይሬክተሩ ያንን ሁሉ ወደ ሦስት ደቂቃ አሳጥሮ ለፋብሪካው ባለቤት አሳየ። ሽማግሌው ተቆጡ አሉ። «ሴትዮዋ ሳሙናዬን ‹ክፉ አይደለም› ነው የምትለው? ይህ ምስጋና ነው?» አጠገባቸው የተቀመጡት ሚስታቸው ግን፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሳሙናህን ልገዛው ያማረኝ ገና ዛሬ ነው» አሏቸው። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ማስታወቂያው በወጣ በሳምንቱ «ጫማውን ያወልቃል» የማይል ሰው ጠፋ። በየቢሮው ሥልጣኑን የማይለቅ አለቃ ሲያልፍ «ሙቅ ውሃ አግኝቷል» ይባባሉ ጀመር። ሳሙናው ከሱቅ መደርደሪያ አለቀ፤ ፋብሪካው ሁለተኛ ፈረቃ ጨመረ። ከዚያማ ሌላው ሁሉ ተከታትሎ መጣ። የጥርስ ሳሙና ሻጩ፣ ባንኩ፣ የሻምፖ ሻጩ፣ ሁሉም «ክፉ አይደለም» እንድትልላቸው ፈለጉ። ፍራሽ ሠሪውን «እስቲ ልተኛበት» ብላ አንድ ወር አስጠበቀችውና፣ «ወገቤ እምቢ ብሏል» ብላ መለሰችለት። ሰውዬው ሄዶ ፍራሹን እንደገና ሠርቶ መጣ። ዘፋኞች ከነአጃቢዎቻቸው ለፎቶ ይመጣሉ፤ እሷ ለፎቶ ትቆምና ጃኬታቸውን ለእጥበት አስወልቃ ትመልሳቸዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ከእሷና ከእናቴ ጋር አውቶቡስ ተሳፍረን ስንሄድ፣ አደባባዩ ላይ ሦስት ፎቅ የሚያህል ፎቶዋ ተሰቅሎ አየን። በሽርጧ ነች፤ ፊቷም እጇም አንድ ላይ፣ ያለ ፓውደር። እናቴ እንባዋ መጣ። አክስቴ አንገቷን አስግጋ ለረጅም ጊዜ አየችውና፣ «እንዴት አምሮብኛል ባክሽ» አለቻት።

ሹፌሩ በመስታወቱ አወቃት። እሱ «እትዬ፣ ግራሶ በምን ይለቃል?» ከማለቱ አውቶቡሱ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ። አንዷ የልጇን ዩኒፎርም ነገር አነሳች፤ አንድ ባለ ሱፍ ከብዕር ቀለም ጋር ያለበትን ጠብ ተናገረ። አክስቴ ብረቱን ይዛ ቆመችና አንድ በአንድ መለሰች፤ ያላወቀችውንም «አላውቅም፤ ሞክሬ እነግርሻለሁ» አለች። መውረጃችንን ሦስት ፌርማታ አልፈን ስንወርድ ተሳፋሪው አጨበጨበ። ወደ ኋላ በእግራችን ተመለስን። እናቴ ደከመኝ ትላለች፤ አክስቴ ከፊታችን ሆና እያንጎራጎረች ትሄዳለች።