ለጉም ጥቁር ነው

የአማቴ በርኖስ ቤት እንዳይገባ የከለከልኩት እኔ ነኝ። አማቴ ስል የባለቤቴን አባት ማለቴ ነው። በርኖሱ ከጥቁር የበግ ጠጉር የተሠራ፣ ዝናብ ሲነካው ቤቱን በሙሉ በረት በረት የሚያሸት ካባ ነው። ሳረግዝ ጭራሽ ሽታው አላስቀምጥ አለኝ። ባለቤቴ ጃኬት ገዛላቸው፤ መርቀው ተቀበሉና ሣጥን ውስጥ ከተቱት። በርኖሱን በረንዳ ላይ እየሰቀሉ መግባት ጀመሩ። እንዲህ እሺ ማለታቸው ደግሞ የባሰ ያናድደኝ ነበር።

ምጤ የመጣው በክረምት፣ አንኮበር ጉም በዋጣት ቀን ነው። ጤና ጣቢያ ያየችኝ አዋላጅ ልጁ በእግሩ እየመጣ ስለሆነ ሳንዘገይ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንድንደርስ ነገረችን። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። ሚኒባስ ተኮናትረን፣ እኔ ከኋላ ወንበር ተጋድሜ፣ ባለቤቴና አማቴ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ተነሣን። አማቴ ሽታው እንዳይረብሸኝ በርኖሱን ጠቅልለው ከእግራቸው ሥር አድርገውታል።

ዳገቱን ሳንጨርስ መንገዱ ጠፋ። የመኪናው መብራት ጉሙን ይብስ አነጣው። በአንድ በኩል ገደል እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ማንም አያይም። ሹፌሩ ቆመና እስኪገልጥ አልነዳም አለ። እኔ ደግሞ የምጠብቅበት አቅም አልነበረኝም። ባለቤቴ ወርዶ ከፊት እየሄደ መንገድ ሊያሳይ ሞከረ። ነጭ ጋቢውን እንደለበሰ ትንሽ ራቅ ሲል ድራሹ ጠፋ። ሹፌሩ ሰው እገጫለሁ ብሎ መልሶ ጠራው።

አማቴ በርኖሳቸውን ደርበው በሩን ከፈቱ።

«ነጩ ለቤተ ክርስቲያን ነው» አሉ። «ለጉም ጥቁር ነው።»

ያ የጠላሁት ካባ በፊት መስታወቱ ቀስ እያለ ሲሄድ ቀና ብዬ አየሁት። መኪናው በእግረኛ ፍጥነት ተከተለው። ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየኋቸው መላእክት ነጭ በነጭ ነበሩ፤ ስጨነቅ ዓይኔ የሚፈልገው እነሱን ነው። ያን ቀን ግን ዙሪያዬ ሁሉ ነጭ ነበር፤ ነጩ ሊገድለኝ ነው። ማርያም ማርያም እያልኩ ዓይኔን ከጥቁሩ ላይ አልነቀልኩም።

መታጠፊያው ላይ ጥቁሩ ጠፋ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ማርያምን መጥራቴን ትቼ «አባባ!» አልኩ። እስከዚያ ቀን እንዲያ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም።

ሳል ሰማን። ከዚያ ጥቁሩ ከመሬት ተነሣ። ከተራራው የተንከባለለ ድንጋይ ከመንገዱ ሊገፉ አጎንብሰው ኖሯል።

ጉሙ ሲሳሳ ተሳፈሩ። ከበርኖሱ ውሃ ይንጠባጠባል፤ መኪናው በረት በረት ሸተተ። መስኮት ክፈቱ አላልኩም።

ልጄ በቀዶ ጥገና በሰላም ተወለደች። ጎረቤቶቼ ማርያም ፈታችሽ ይሉኛል፤ አዎ እላለሁ። ምን ለብሳ እንደመጣች ግን የማውቀው እኔ ነኝ። በርኖሱ አሁን የሚሰቀለው ከልጄ አልጋ አጠገብ ነው። አባባ በቀደም ሊያጥቡት ሲያወርዱት አሻፈረኝ ብዬ ከእጃቸው ተቀበልኩና እንደሸተተ መልሼ ሰቀልኩት።