ይደገም!

ከወንድሜ ከሃፍቶም መቃብር ስመለስ ሮማናት አደባባይ ላይ የያዝኩት ባጃጅ የድሮ የህንድ ዘፈን ከፍቷል። ሾፌሩ ከዘፈኑ በኋላ የተወለደ ልጅ ነው። እኔን ግን ዜማው ወስዶ ልጆች ሳለን ፊልም የምናይበት አያ ሰይድ ቪዲዮ ቤት ጣለኝ። የላብና የቆሎ ሽታው ሳይቀር መጣብኝ።

አያ ሰይድ ከወሎ የመጡ ነጋዴ ነበሩ። አንድ ቀን ፊልሙ ላይ ያለችው እናት እየዘፈነች ሞተች። ሃፍቶም ካጠገቤ ብድግ ብሎ፣ «አያ ሰይድ፣ በእናትዎ ያስነሷት!» ብሎ አለቀሰ።

አያ ሰይድ ከት ብለው ሳቁና ድሮ ያስተማራቸው ህንዳዊ መምህር የነገራቸውን አጫወቱን።

«ፊልም ሳይመጣ የህንዶች ዘፈን ቴአትር ቤት ነበር። ሃርሞኒየም የሚባል እንደ ወናፍ የሚናፋ የሙዚቃ መሣሪያ ይጫወታሉ፤ ዘፈን የማይችል መድረክ አይወጣም። መድረክ ላይ እየዘፈነ የሚሞተው ተዋናይ ዘፈን ከጣመ ተመልካቹ ‹ይደገም!› እያለ ይጮኻል። ሬሳው ተነሥቶ ይዘፍንና እንደገና ይሞታል። ፊልም ዘፈኑን ከዚያ ወረሰ፤ ጆሮ ግን አልወረሰም። ብትጮህ አይሰማህም፣ ልጄ።»

ሃፍቶም እንባውን በክንዱ እየጠረገ ቴሌቪዥኑን «ይደገም! ይደገም!» ይለዋል። ቢያሳዝናቸው ጊዜ ካሴቱን ወደ ኋላ መለሱለት። ሴትዮዋ ተነሣች፣ ዘፈነች፣ ያው ሞተች።

ባጃጁ ውስጥ ዘፈኑ አለቀ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«ወደድሽው መሰለኝ፣ እህቴ። ልድገመው?»

እንደ ሃፍቶም እንባዬን በክንዴ ጠረግኩ።