ከታመሙት ስም በታች የጸለይንለት አክሲዮን

ወገኖቼ፣ ዛሬ የቆምኩት ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው። አስቀድሞ ግን አንድ በደል ይመዝገብልኝ። ልጄ ሰለሞን ገንዘቡን ያጣው እምነቱ ስለጎደለ ነው ተብሏል። የተባለው እዚሁ እናንተ መካከል ነው፤ እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ። የጸሎታችን መሪ ወንድም ጌታሁን ይህን እንድናገር ፈቅዷል። ባይፈቅድም እናገር ነበር።

ጠዋት ጠዋት የጸሎት ስልክ አለን። አንዱ ለአንዱ ይደውላል፣ የታመሙትን ስም ይነግረዋል፣ የሰማው ደግሞ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ለእኔ የሚደውለው ወንድም ጌታሁን ነው፤ እኔ ለሰለሞን እደውላለሁ። ወንድም ጌታሁን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ያነባል። ከጸሎቱ በኋላ፣ "እማማ፣ የኮምፒውተር ኩባንያዎች አክሲዮን ትናንትም ጨመረ" ይለኝ ጀመር። እያደር ወሬው ከጸሎቱ ረዘመ። አንድ ቀን ከታመሙት ስም በታች የአንድ ኩባንያ ስም አጻፈኝ። "ይህ ይወጣል፤ ጌታ አሳይቶኛል" አለኝ። እንደተቀበልኩ ለልጄ አቀበልኩ።

ሰለሞን ታክሲ ይነዳል። ከሴንት ጄምስ ታውን የኪራይ ፎቅ ወጥቶ ቤት ሊገዛ ባጠራቀመው ገንዘብ ኦፕሽን የሚሉትን ነገር ገዛ።

"አክሲዮኑን ገዛኸው?" አልኩት።

"አይ እማዬ። እስከ ወሩ መጨረሻ በዛሬው ዋጋ የመግዛት መብቱን ነው የገዛሁት።"

"እስከዚያ ካልወጣስ?"

"የከፈልኩት ይቀራል።"

"ቀብድ ነው በለኛ። አገር ቤት፣ ናዝሬት በርበሬ ስነግድ ስንት ሰው ቀብዱን ተበልቶ ሲሄድ አይቻለሁ።"

ሳቀብኝ። "ቃሉን ያመጣሽልኝ አንቺ፣ የምትጠራጠሪውም አንቺ?"



አክሲዮኑ ወረደ። ወንድም ጌታሁን በየጠዋቱ "ፈተና ነው፤ ነገ ይነሳል" ይላል፤ እኔም አቀብላለሁ። ቀኑ አለፈ፤ የልጄም ገንዘብ ቀረ። በሚቀጥለው እሁድ ወንድም ጌታሁን እዚሁ ቆሞ፣ "የሚጠራጠር ሰው አይቀበልም" አለ። ስም አልጠራም፤ አንገት ሁሉ ግን ወደ ልጄ ዞረ።

በዚያው ሳምንት ሰለሞን መሪ እንደያዘ ደም አስታወከው። ሐኪሙ፣ "ጨጓራው ቆስሎ ሲደማ ሰንብቷል። ይህን ያህል ሕመም ከማን ነው የደበቀው?" አለኝ። ከእኔ ነው የደበቀው። ደም ሰጡት። ዓይኑን ሲገልጥ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "እማዬ፣ እውነት እምነቴ ጎድሎ ነው?"



ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጌታን ካገኘሁ ስድስት ዓመቴ ነው እል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስድስቱንም ዓመት ያመንኩት የሚደውልልኝን ሰው ነው። ያን ቀን የደወለልኝ የለም። "ጌታ ሆይ፣ ያልተናገርከውን ቃል ላንድ ልጄ አቀበልኩት፤ ይቅር በለኝ" አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። እኔ ጌታን ያገኘሁት ያኔ ነው፣ ስሙ ይባረክ። በሦስተኛው ቀን ደሙ ቆመ፣ ስሙ ይባረክ።

ልጄ ግን ዛሬም እዚህ የለም። እሁድ እሁድ ታክሲውን ይነዳል። ስደውልለት፣ "ጸሎቱን ተይው እማዬ፣ ጤናሽን ንገሪኝ" ይለኛል።

ስለዚህ እውነቱን ልጠይቀው ሬክስዴል ሰፈር ወንድም ጌታሁን ቤት ተመላለስኩ። መጀመሪያ ስሄድ፣ "የጌታ መንገድ አይመረመርም" አለኝ። ሁለተኛ ስሄድ፣ "እማማ፣ እኔም እኮ ከስሬያለሁ" ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። "መክሰርህን ግን አልጠየቅኩህም" ብዬው ወጣሁ።

ወገኖቼ፣ ጌታን እመኑት። በሰው አፍ ስለመጣው ቃል እሱን ራሱን ጠይቁት፤ እሱ ሲጠየቅ አይቆጣም። የልጄን ድምፅ በየጠዋቱ እሰማለሁ፤ ለዚህም ተመስገን እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛ ሄድኩ። ካፖርቴን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆሜ፣ "ጌታ አሳይቶህ ነበር ወይስ አላሳየህም? አንዱን በል" አልኩት።  ስልኩን አንስቶ እኔ እየሰማሁ ለሰለሞን ደወለ።

"ሰለሞን፣ ጌታ ምንም አላሳየኝም። የነገርኳችሁ ጋዜጣ ላይ ያነበብኩትን ነው። እምነትህ አልጎደለም።"