ከወንዝ የተረፈ ድንኳን

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ያስተማሩኝ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ስለዚህ እሳቸውን እምቢ ማለት አልችልም ነበር። ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ ያነበብኩት ስለ ውሃ የሚያወራ የልጆች መጽሐፍ ነው። ፀሐይ ባሕሩን ታሞቃለች፣ ውሃው ተን ሆኖ ይወጣል፣ ደመና ይሆናል፣ ይዘንባል፣ በወንዝ አድርጎ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ሥዕሉ ላይ ፀሐይዋም ደመናውም ይስቃሉ። ምን ያስቃቸዋል? ወንዙ ዳር የማንም ቤት አልተሳለማ!

እኔ ግን እዚህ ሰው አገር፣ ስኮትዴል በሚባል ሰፈር ውስጥ ጓሮው ወንዝ ላይ የሚያልቅ ቤት ገዛሁ። ወንዝ የምለው ለክብሩ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ድመት እግሯን ሳታረጥብ ትሻገረዋለች። ሲዘንብ ግን የላይኛው ሰፈር ጣሪያና አስፋልት ያልጠጣው ውሃ ሁሉ ወደ እኛ ይለቀቃል፤ ያን ጊዜ ያችው ቦይ ታጓራለች። ደግሞ ልክ እኔ ጓሮ ስትደርስ ትታጠፋለች። እኔ ያለሁት ውሃው በሚጋጭበት በውጭው በኩል ነው፣ ይበላኛል። ማዶ፣ በመታጠፊያው ውስጥ ላሉት ፈረንጅ ጎረቤቴ ደግሞ አሸዋ ያመጣላቸዋል።

ልጄ ልታገባ ሆነ። "አባ፣ መልሱ እዚሁ ባክያርድ ይሁን፤ አዳራሽ ምናምን አልፈልግም" አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ቢሮ የገባች፣ የአባቷ ሥራ ሲነሣ ወሬ የምትቀይር ልጅ ናት። የእኔ የሆነ ነገር ስትፈልግ ያኔ ገና ማየቴ ነው። እና ጓሮውን እንደ ዓይኔ ጠበቅኩት።

ይህን የሰሙት ሽማግሌ ቅዳሜ ጠዋት ወንድሞችን አስከትለው ከች አሉ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሠርግ እርዳታ አይጠየቅም፣ አይመለስምም፤ ይወርዳል። ድንኳኑ ሰፊ እንዲሆን የወንዙን ዳር ዛፍና ቁጥቋጦ ሊመነጥሩ ነው የመጡት።

ልጄ ከበረንዳው ሮጣ ወረደች። "ኖ፣ ኖ! አባ፣ ስቶፕ አድርጋቸው! አፈሩን የያዘው እኮ ሥሩ ነው!"

"አንቺ ልጅ፣ ቀሚስሽን ምረጪ" አሏት ሽማግሌው እየሳቁ። "አፈሩን የያዘው ጌታ ነው።"

"አሜን!" አሉ ወንድሞች። መጋዙ ተነሣ። እኔም ቅርንጫፍ ጎተትኩ።

ምሳ ሳይደርስ ጓሮዬ እንደ ተላጨ ራስ አበራ። በሉ፣ ጸለዩ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ።

በሳምንቱ ዶፍ ወረደ። ወንዙ እንደ ወጥ ቀልቶ መጣ። ዳሩ እየተገመሰ፣ ጓ እያለ ሲገባ በመስኮት ቆሜ አየሁ። ዝናቡ ሲያባራ ድንኳኑ ይተከላል የተባለበት ቦታ ገደል ሆኗል። ጎረቤቴ ማዶ ሆነው እጃቸውን አወዛወዙልኝ፤ መሬቴን የወሰዱት እሳቸው ይመስል ተናደድኩባቸው።

ሽማግሌው መጡ፣ ገደሉን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ፈተና ነው፣ ወንድሜ።"

"ፈተና አይደለም፣ መጋዝ ነው" አልኳቸው።

 ልጄ ደግሞ "ብያችሁ ነበር" አላለችም። ብትል ይሻለኝ ነበር። "ኢትስ ኦኬ አባ፣ አዳራሽ ሬንት እናደርጋለን" አለችኝ፣ ደንበኛ እንደምታስተናግድ ሁሉ ለስለስ ባለ ድምፅ።

"ከቤቱ ፊት ለፊት እናደርገዋለን" አልኳት።

ከፊት ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ መሀሉ ላይ ደግሞ ትልቅ የባሉጥ ዛፍ ቆሟል። ሽማግሌው ወንድሞችን ይዘው ተመልሰው በእርምጃ ለኩት፣ ቀና ብለው ዛፉን አዩት፣ ዓይናቸው በራ። "ይሄ እኮ ባይኖር..."

ሄጄ ግንዱን ተደግፌ ቆምኩ። "አይነኩትም።"

"ለልጅህ ብዬ እኮ ነው!"

"እኔም ለልጄ ብዬ ነው። ከፈለጉ ይጸልዩበት፤ በእጅዎ ግን አይነኩትም።"

ወንድሞች መሬት መሬት አዩ። አሜን ያለ የለም።

ድንኳኑ ግንዱን አቅፎ ተተከለ፤ ጣሪያው ተጣሞ ኮፍያው የተንሻፈፈ ሰካራም መሰለ። በመልሱ ቀን ሽማግሌውን በክብር እጃቸውን ይዤ ከግንዱ ጀርባ አስቀመጥኳቸው፤ "ጥላው ለእርስዎ ይስማማል" ብዬ። ሙሽራዋን ለማየት አንገታቸውን ወደ ግራ ሲያወጡ ግንዱ፣ ወደ ቀኝ ሲያወጡ የቪዲዮው ሰውዬ ጀርባ። ልጄ ከሙሽሮቹ ወንበር ሆና አየችን። አንገታቸውን ሳይሆን እኔን እያየች አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።