ድምፅ የለሹ የዝናብ ካፖርት

ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። ዶፍ ሲወርድና ጉሙ ዛፉን ሁሉ ሲውጠው፣ ከርከሮ ሥር ሲቆረጥም ሰምቶ ወደ ድምፁ የሚተኩስ አዳኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። እዚያ ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ ቤተኛ ነው። ከርከሮውም ቤተኛ ነኝ ባይ ነው፤ ያልዘራውን በቆሎ ያለ አንዳች ይሉኝታ ይገለብጠዋል።

ዘንድሮ አሮጌው የሸራ ካፖርት ተበሳስቶ ውሃ ማስገባት ጀመረና ጆሮ ዕረፍት አጣ። ይቀመጣል፣ ይነሳል፤ በሩን ከፍቶ ሰማዩን ያይና መልሶ ይዘጋል። «ኧረ አንድ ቦታ እረፍ! ወለሉን ጨረስከው እኮ» ብትለው ሚስቱ፣ ካፖርት ሊገዛ ወጣ።

ባለሱቁ መጀመሪያ የጎማውን አወረደለት።

«ይሄ ጠብታ አያስገባም።»

«ከውጭ አያስገባም። እኔ ግን በላቤ ከውስጥ እበሰብሳለሁ።»

የሱፉን ገና በእጁ መዝኖ መለሰው፤ ውሃ ሲጠጣ ተሸካሚ እንደሚፈልግ ያውቃል። የላስቲኩን እጅጌ ከእጅጌ ቢያፋትገው ተንኮሻኮሸ። «ይሄንን ለብሼ ብሄድ ከርከሮው ቀድሞ እንደምን አደርክ ይለኛል» አለ። በመጨረሻ አንድ ቀጭን አረንጓዴ ካፖርት ጆሮው ሥር አስጠግቶ አሸው። ጸጥ። ደግሞ አሸው። ጸጥ አለ። ፊቱ በራ። ባለሱቁ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ገበያውን ላለማበላሸት መልሶ ዘጋው።

ጫካው ግን ከዳው። በሄደ ቁጥር የሚያገኘው ትኩስ ዱካ ብቻ ሆነ፤ ከርከሮዎቹ ቀድመውት ይነሳሉ። ጠመንጃውን ወለወለ፣ ነፋሱን ረገመ፣ መንገድ ቀየረ። ሁሉም አልሆን ሲል ቁጣው አማቹ ላይ ወደቀ። ይህ የሚስቱ ታናሽ ወንድም በሩቅ ዞሮ ከርከሮ የሚነዳለት ነው፤ በጉሙ ውስጥ በስህተት እንዳይመታ በየመሃሉ ማፏጨት አለበት።

«ምነው ዘንድሮ ማፏጨት ተውክ? ፊቴ ድቅን ስትል ነው የማይህ! ሞት አማረህ?»

አማቹ መሬት መሬት አየ። «እሺ ጋሼ፣ ጠንከር አድርጌ አፏጫለሁ።»

አመሻሹ ላይ ጆሮ እንደ ተናደደ ጫማውን ደጅ አውልቆ በካልሲ ገባ። ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታ ድስት ታማስላለች።

«ካፖርትህን እዚያው አውልቀው፣ ወለሉን እንዳታርሰው» አለችው ሳትዞር።

«እንዴት አወቅሽ መምጣቴን?»

«ከአጥሩ ጀምሮ ስሰማህ! ይሄ ልብስህ እንዲህ እየተንሿሿ ማን አይሰማም?»

እጅጌውን ጆሮው ላይ አሸ። ምንም የለም። እሷ ግን ዞር ብላ እያየችው ነው።

«ወንድምሽ... ያፏጫል እንዴ?»

ማማሰያውን አስቀመጠች። «ከንፈሩ እስኪደማ ያፏጫል። ትናንት ነው የነገረኝ። አንተን አክብሮ፣ ምን ብሎ ይንገርህ? እኔም እንዴት እንደምጀምር ጨንቆኝ ነው የዋልኩት።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ ሲያወራ የከረመውን ያልሰማ እሱ ብቻ ነበር። ፈራ። በዚህ ክረምት ቅጠል በተወዛወዘ ቁጥር ስንቴ ጣቱን ቃታው ላይ እንዳሳረፈ ትዝ አለው። አንደኛው ቅጠል ጀርባ ያ ልጅ እያፏጨ ቆሞ ቢሆንስ?

ሳምንቱን ሙሉ ጫካ አልገባም። ወለሉን እንደገና ይዞረው ጀመር፤ ሚስቱ ግን አሁን እረፍ አላለችውም። አንድ ጥግ ተቀምጣ አሮጌውን ሸራ ጣፈች፣ ሰም ቀባችው።

አማቹ ሲመጣ ጆሮ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ሰጠው፤ ሸራውንም ደረበለት።

«ልበሰው። እሱ ድምፅ የለውም።»

«እርስዎስ ጋሼ?»

«ለከርከሮ ነጂ የሚጮህ ልብስ ነው የሚሻለው።»

መልስ ሳይጠብቅ፣ ክንዶቹን ከጎኑ ጋር እያፋተገ ቀድሞ ወደ ጉሙ ገባ። አማቹ ጣቱን ከቃታው አርቆ አዳመጠ። የአረንጓዴው ካፖርት መንሿሿት ከሩቅ፣ ከዝናቡ በላይ ይሰማዋል። ከለበሰው ሰው በቀር ማንም ይሰማዋል።