የጋሽ ሶሬሳ ውሾች

ጎጃም በረንዳ ጆንያ የሚሸጡት እትዬ ጤናዬ ሰው የሚያስጠጉ ሴት አይደሉም። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ግቢያቸውን የረገጠ ጎረቤት የለም። ግድግዳ የምጋራቸው እኔ እንኳን በራቸውን ያለፍኩት በውሾቹ ሰበብ ነው።

ውሾቹ አጠገባችን የነበረውን የእህል መጋዘን ይጠብቁ ነበር። መቻልና እህቱ ሎሚ፤ ሁለቱም ጥጃ የሚያካክሉ፣ የፈረንጅ ዘር። መጋዘኑ ሲዘጋ ባለቤቱ የሚወስዳቸው ከጠፋ በመርፌ አስገድላቸዋለሁ አለ። የመጣው ሰው ሁሉ ወንዱን ብቻ ፈለገ፤ ሊለያዩዋቸው ሲሞክሩ ግን የሁለቱ ለቅሶ ሰፈሩን አወከው። እትዬ ጤናዬ ተቆጥተው ወጡና ሁለቱንም ይዘው ገቡ። ሰው ያላስጠጉ ሴት አውሬ ሊያሳድጉ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅኩ።

ሳቄ አልቆየም። ውሾቹ አልበላም አሉ። ሁዳዴ ነበርና የእኛ ሥጋ ቤቶች ዝግ ናቸው። እትዬ ጤናዬ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ምርጥ ምርጡን ያስገዛሉ፤ ታዲያ ሽታው ጾማቸውን የሚያስገድፍ ይመስል ፊታቸውን አዙረው ነው የሚወረውሩላቸው። ውሾቹ አሽትተው ይሸሻሉ። ዳቦም ቢሰጧቸው ያው ነው። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ በሽታ የለባቸውም ብሎ ሄደ። መቻል አጥንቱ ገጦ በመጨረሻ መነሳት አቃተው። እትዬ ጤናዬ «ገደልኳቸው» እያሉ አለቀሱብኝ። እኔ ደግሞ ማጽናናት አላውቅበትም።

የመጋዘኑን የድሮ ዘበኛ ጋሽ ሶሬሳን ፍለጋ በጠዋት አብረን ወጣን። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል እግራቸውን አሟቸው ተኝተው አገኘናቸው። ውሾቹ ሥጋ ተወርውሮላቸው እምቢ እንዳሉ ሲሰሙ የሽማግሌው ፊት ተለወጠ።

«እትዬ ጤናዬ፣ ሌባ መርዝ የሚወረውርላቸው በሥጋ ነው» አሉ። «የሚያበላቸው ሰው ፊታቸው ቀምሶ ካልዋጠ እንዳይነኩ አድርጌ ነው ያሳደግኳቸው። ምነው ቀደም ብለው መጥተው ቢጠይቁኝ።»

እየሮጥን ተመለስን። እትዬ ጤናዬ በጾም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ቀምሰው አያውቁም። የዚያን ቀን ግን ይቅር በለኝ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡና እንጀራ በሽሮ ጎረሱ፤ ዋጡት። ከዚያ ለሎሚ ዘረጉላት።

ሎሚ አፋቸውን አየች፣ እጃቸውን አሸተተች፣ ተቀበለቻቸው። ግን አልዋጠችውም። ወስዳ መቻል አፍንጫ ሥር አስቀመጠችለት። ዓይኑን አልገለጠም። እትዬ ጤናዬ እንደገና ጎርሰው እንደገና ሰጧት፤ ያንንም ወሰደችለት።

እጄን የመቻል ጎን ላይ አደረግኩ። ቀዝቅዟል።

 እትዬ ጤናዬ እንባቸው ሽሮው ላይ እየወረደ «አንቺ እንኳ ብዪልኝ» እያሉ ይጎርሳሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከትሪው ቆርሼ ጎረስኩ፤ ዋጥኩና እኔም ለሎሚ ዘረጋሁላት።