ድምፅ የምታበላሸው ማጉያ

የአንድ ሰው ኑሮ ተሰብስቦ ሲመዘን ምን ይወጣዋል? ዩኒቨርሲቲ ሳለን ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ አንስተን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንሟገትበት ማናችንም የአንድን ሰው ስም አልጠራንም ነበር። «ሰው» እንላለን እንጂ «እገሌ» አንልም። አሁን በሰባ ስምንት ዓመቴ ጥያቄው ሲመለስብኝ ስም ይዞ ነው የሚመጣው። ይመር ይባላል፤ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበር።

ወፍጮ ቤቱ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ነበር። እህሉን ከጆንያ ወደ ወፍጮው አፍ የሚገለብጠው፣ ዱቄቱን የሚያፍሰው እሱ ነው። ቅንድቡም ሽፋሽፍቱም ነጭ ስለሆነ ዕድሜውን ሰው ሁሉ በየራሱ ይገምታል። ተሻለች የምትባለው ሚስቱ፣ «እኔ ያገባሁት ጥቁር ሰው ነበር፤ የትኛው ጆንያ ውስጥ እንደገባብኝ እንጃ» እያለች እህል ሊያስፈጩ የመጡትን ሴቶች ታስቃለች። ይመርም አብሯቸው ይስቃል። ሲስቅ ደግሞ ያስለዋል።

ከወፍጮው በፊት አስመራ ነበር፤ በአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ማእድ ቤት ሳህን አጣቢ። እዚያ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ወጥ ሠሪ አርሞኒካ አስተማረው፤ ወደ አገሩ ሲመለስም የራሱን አርሞኒካ ትቶለት ሄደ። ይመር የሚያውቀው እንግሊዝኛ የሳህንና የአርሞኒካ ብቻ ነው። የሚጫወተውም ብሉዝ የሚባለውን ነው።

«ምንድን ነው እሱ ጋሽ ይመር?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

«እንጉርጉሮ ነው መምህር። ሰው ብቻውን ሲያንጎራጉር ጎረቤት ሰማው፤ በቃ፣ እሱ ነው።» ከኪሱ አውጥቶ በሸሚዙ ጠረገው። «ሌላውን ዜማ ይነፉታል፤ ይኼኛውን ይስቡታል። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሲስቡት ድምፁ ጎንበስ ይላል። ሐዘኑ ያለው ጎንበስ ያለበት ላይ ነው።»

በዕድሜ ዐሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። እሱ እኔን አንቱ ይለኛል፤ እኔ «ጋሽ» እልና ወዲያው አንተ እለዋለሁ። ይህ ያኔ አልታየኝም። አየር ጤና አጠገብ ታሪክ አስተምራለሁ፤ ዲግሪ አለው ተብዬ የቀበሌያችን የባህልና የቅስቀሳ ጸሐፊ ተደርጌያለሁ። የቀበሌው ኪነት ቡድን በእኔ ሥር ነው። ይመር ከኪነቱ ጋር መዝሙር ያጅባል። ብሉዙን የሚጫወተው በምሳ ሰዓት ነው፣ ወፍጮው ሲቆም፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ።

በ1972 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ማዞሪያው አጠገብ ለዓመታት ታሽጎ የቆየ የአንድ ግሪክ ቡና ቤት ተከፈተ። ባለቤቱ ጥሎት ሄዷል። ከተቆለሉት ወንበሮች ኋላ ሁለት የድምፅ ማጉያዎች ተገኙ። ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ ቀበሌው አንዱን ለአዳራሹ መርጦ ያስቀራል፤ ሁለተኛው ከቀበሌው በላይ ወዳለው የአስተዳደር እርከን፣ ወደ «ከፍተኛው» መጋዘን ይሄዳል። መራጮቹ ሦስት ነን፦ ሊቀመንበሩ ዳኛቸው፣ የንብረት ኃላፊዋ የሺእመቤት፣ እኔ።

ቁልፉ እኔ ዘንድ ስለነበር ከምርጫው በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመርን ይዤው ሄድኩ። ደግነት ነበር፤ ደግነቴን አልክድም። ሰው ግን ከደግነቱ እስከ ክህደቱ ያለው መንገድ አንድ ቀን እንኳ እንደማይፈጅ ያወቅሁት በዚያው ነው።

አንደኛው ማጉያ ትልቅ ነው፤ ጥቁር፣ ትራንዚስተር፣ እንደ በር የቆሙ ሁለት ስፒከሮች ያሉት። ሌላዋ ከሻይ ሳጥን አትበልጥም፤ ቡናማ ጨርቅ የለበሰች፣ ከኋላዋ ሦስት የመስታወት አምፖሎች የተተከሉባት። ይመር ገና ሲያያት ተንበረከከ። ሰካትና አምፖሎቹ ቀላ እስኪሉ ዝም ብሎ ጠበቀ።

«አትሠራም እንዴ?» አልኩት።

«ይታገሷት እንጂ! ከብርድ የገባ ሰው ወዲያው ያወራል?»

ከአሮጌ ቴፕ የነቀለውን ማይክሮፎን ከአርሞኒካው ጋር በሁለት መዳፉ አፍኖ ያዘው። ከዚያ ነፋ ልበል? ትኩስ ሻይ እፍ የማለትን ያህል እንኳ አልነበረም። ከዚያች ሳጥን የወጣው ግን ወፍራም፣ የሻከረ፣ ጠርዙ የተተለተለ ድምፅ ነው፤ ሙሉ ወንድ ደረቱን ይዞ የሚያንጎራጉር የሚመስል። ትንፋሹን ሳበ፤ ድምፁ ጎንበስ አለ። ክንዴን ብርድ ብርድ አለኝ።

ይመር ቀና ብሎ ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መምህር፣ ለሰው እንዳይነግሩብኝ፤ ትንፋሼ አልቋል። ዱቄቱ ነው። መንፋቱስ ይሁን፤ መሳቡ ነው እምቢ ያለኝ። ጠንከር አድርጌ ከሳብኩ ሳሉ ይነሳል።» ማጉያዋን በጣቱ መታ መታ አደረጋት። «ይቺ ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ይጨንቃታል። ሲጨንቃት ድምፁን ታሻክረዋለች፣ ታወፍረዋለች። ጥቂት ሰጥቻት ብዙ ትመልስልኛለች። ያ ትልቁ ምንም አይጨንቀው፤ የሰጠሁትን ብቻ ነው የሚመልስልኝ። እኔ ደግሞ የምሰጠው የለኝም።»

ገባኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ገብቶኝ ነበር። ባይገባኝ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ።

ለመሞከር ያህል ትልቁንም ሰካነው። ማይክሮፎኑን ተቀበልኩና «ጓዶች!» አልኩ። ከእነዚያ ስፒከሮች የወጣው ሰው እኔ አልነበርኩም። ረጋ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ ጥርጥር የማያውቅ ሰው ነው። ሳላስበው ደገምኩት። «ጓዶች! ሰፊው ሕዝብ!»

ይመር ሳቀ። «ይኸው፣ እርስዎም የእርስዎን አገኙ!»

እሑድ ጠዋት፣ ከቀበሌው ስብሰባ በኋላ ሦስታችን ማጉያዎቹ ዘንድ ተሰበሰብን። ይመር ዱቄቱን ታጥቦ፣ ኮት ለብሶ መጥቷል። ዳኛቸው ቀልደኛ ሰው ነበር፤ ክፉ ነበር ብዬ ጥፋቴን አላላክክበትም።

«ምንድን ነው የምትጫወተው ይመር?»

«ብሉዝ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«ብሉዝ የሴት ሸሚዝ አይደለም እንዴ? የሺእመቤት፣ አንቺ የለበስሽው ምንድን ነው?»

«የእኔ እንኳ በአርሞኒካ አይነፋም!» አለች የሺእመቤት፤ ተሳሳቅን።

ይመር ትንሿን አሙቆ ጥቂት ተጫወተ። ዳኛቸው ጆሮውን ያዘ። «ኧረ በቃህ! ይቺ ነገር ድምፅ ታበላሻለች!»

ይመር ፊቱ በራ። የሚገባው ሰው ያገኘ መስሎታል። «አዎ ጓድ ሊቀመንበር! አሳምራ ነው የምታበላሸው! እሱ እኮ ነው ነገሩ!»

ዳኛቸው እጁን አጨበጨበ። «ባለቤቱ መሰከረ! ጻፍ ጓድ መኳንንት።»

የንብረት መዝገቡ እፊቴ ነው። «ሁኔታ» የሚል ዓምድ አለው፤ እዚያ ላይ ወይ «ደኅና» ወይ «ብልሹ» ይጻፋል። ይመር የተናገረው ቃል በሌላ ጆሮ እንዴት እንደተሰማ ገና ያኔ ነቃ መሰለኝ፤ ዞር ብሎ አየኝ። ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው አስተርጓሚውን እንደሚያይ ነበር ያየኝ። «ያስረዱልኝ እንጂ መምህር» አለ።

ማስረዳት እችል ነበር። የሰውየውን ምስጢር ሳላወጣ፣ «ብልሽት አይደለም፣ የተሠራችው እንዲህ ነው» ብል ይበቃ ነበር። ግን ከጎኔ ያ ጥቁር ማጉያ ቆሟል፤ በውስጡም ትናንት የሰማሁት፣ ከእኔ የሚበልጠው ሰው አለ። የምሰጠውን አሰብኩና የምቀበለውን መረጥኩ። «ብልሹ፤ ድምፅ ታበላሻለች» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩም። የሺእመቤት ማኅተሙን መታች።

ለዓመታት ፈርቼ ነው ስል ኖሬአለሁ። ዘመኑ የፍርሃት ዘመን ስለነበር ሰውም ራሱን ነቅንቆ ያምነኛል። ፍርሃት ለእኛ ትውልድ ጥሩ መደበቂያ ነው፤ ሁላችንንም ያስጠልላል። በዚያ እሑድ ጠዋት ግን የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። እየሳቅን ነበር።

የአብዮት በዓል መስከረም ሁለት ቀን በአዳራሹ ሲከበር ይመር በትልቁ ማጉያ ተጫወተ። ብሉዙን እንዲጫወት የፈቀድኩለት እኔ ነኝ፤ መካሻ መሆኑ ነው። ተሻለች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣለች። ብሉዙን ከመድረክ ሰምታው አታውቅም።

ማይክሮፎኑን እንደ ልማዱ በመዳፉ ሲያፍነው ማጉያው ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት አሰማ። ሕዝቡ ጮኸ። «አርቀው! አርቀው!» አለ ዳኛቸው። ይመር አራቀው፤ ያኔ ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጠነ። ከኋላ አንዱ «ኧረ ለትንኟ የሚደርስላት ሰው!» አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ይመር ዓይኑን ጨፈነ። ባለው ኃይል ሁሉ ሳበ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድምፁ ጎንበስ ሲል ሰማሁት። ከዚያ ሳሉ መጣ። ያ ንጹሕ መሣሪያ ምንም ሳያበላሽ ሳሉን በሁለቱም ስፒከሮች ለአዳራሹ አደለው፤ እያንዳንዱን ጉርጉርታ፣ በመካከሉ ያለውን የአየር ፍለጋ ሁሉ። ሳቁ ቆመ። ተሻለች ተነሥታ ባሏን ደግፋ ወሰደችው።

እኔም በዚያው ማይክሮፎን ንግግሬን አነበብኩ። ተጨበጨበልኝ። ንግግሩ ምን እንደነበር ዛሬ አንድ ዐረፍተ ነገር አላስታውስም።

ከዚያ ወዲያ ይመር ወደ ኪነቱ አልመጣም። ወፍጮውንም በጥቅምት ተወው። ይሄድ የነበረው ወደ ቀበሌ ነው፣ ትንሿን ማጉያ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ለመዋስ። ዳኛቸው «ከእኛ እጅ ወጥታለች፤ የከፍተኛው ንብረት ናት» አለው። የሺእመቤት ከፍተኛው ድረስ ሄዳ ጠይቃለት ተመለሰች፤ ሳትሸፋፍን ነገረችው። «ጋሽ ይመር፣ ደኅና ዕቃ ለኪነት ያውሳሉ። ብልሹ የተባለ ግን ከመጋዘን አይወጣም፤ ደንቡ ነው። የጻፈው ሰው ተሳስቻለሁ ብሎ ካላረመ በስተቀር።»

የጻፈው ሰው እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ከኮልፌ አየር ጤና ያን ሁሉ መንገድ፣ በየጥጉ እያረፈ። መጀመሪያ በመጣ ጊዜ «አየዋለሁ» አልኩት። ሁለተኛ ሲመጣ የተፈረመበትን መዝገብ መነካካት አሻጥር እንደሚያሰኝ አስረዳሁት። ይህ ውሸት አልነበረም፤ ለዚህም ነው የተመቸኝ። ያልነገርኩት ሌላ ነው። ትንሿ ደኅና ናት ብዬ ከጻፍኩ፣ ታዲያ ለምን ትልቁን መረጣችሁ የሚል ይመጣል፤ እኔም በየእሑዱ በትልቁ እናገራለሁ። ይመር ሳይከራከር «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎኝ ሄደ። ምን ስለሰጠሁት እንዳመሰገነኝ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጣው በኅዳር መጨረሻ ነው። ብቻውን መቆም ስላልቻለ ተሻለች እስከ በሩ ደግፋ አመጣችው፤ እሷ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ጠበቀች። ከመምህራን ማረፊያው ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ደረቱ ውስጥ የወፍጮ ድንጋይ የሚዞር ይመስል ነበር። ደወል እስኪደወል አምስት ደቂቃ ነበረኝ። እስክሪብቶዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበረ።

በጥር አረፈ። ኅዳር ላይ የለመነውን ዳኛቸውም፣ የሺእመቤትም፣ ከፍተኛውም፣ እኔም አልፈጸምንለትም። ወደ አጥሩ፣ ወደ ሚስቱ እያየ በየቃሉ መካከል እያረፈ ያለኝ ይህን ነው፦

«መምህር፣ አርሞኒካውን ድገመው የሚለኝ ሰው አልፈልግም። ግን ይቺ ሴትዮ በአዳራሹ ከእኔ የሰማችው ሳሉን ብቻ ነው። የጻፉትን አንዷን መስመር ይሰርዙልኝና ‹ደኅና ናት› ብለው ይጻፉልኝ፤ አንዴ ላሰማት።»